ለጫሪውም ለተጫረበትም



ይህ ደብዳቤ መኪና ላለዎትም ለሌለዎትም ነው። ካለዎት ዛሬ ካልሆነ ነገ ይጫርብዎታል። ከሌለዎት ደግሞ በብስክሌትዎ መሪ፣ በተሸከሙት ዕቃ ጠርዝ ወይም በልጅዎ እጅ አንድ ቀን የሰው መኪና ይጭራሉ። ሐዋሳ ውስጥ ከሁለቱ አንዱ ያልደረሰበት ሰው ካለ፣ ከቤት የማይወጣ መሆን አለበት።

በከተማዋ ጉዱማሌ አካባቢ ነገሩ ይብሳል። በአዘቦት ቀን ረጋ ያለ ቦታ ነው፤ ሐይቁ ቅርብ፣ ጥላው ብዙ፣ መኪናውን ዳር አስይዞ ነፋስ የሚቀበለውም አይጠፋም። የሲዳማ አዲስ ዓመት የሚከበርበት የፊቼ ጨምበላላ ዕለት ግን ሌላ ነው። ቄጣላ እየጨፈረ ከየአቅጣጫው የሚተመው ሕዝብ፣ የአባቶች ጦርና ጋሻ፣ የወጣቶች ዱላ፣ በሰው መሐል መንገድ የሚፈልገው ባጃጅ፣ አባቱ ትከሻ ላይ ተቀምጦ እጁን የሚያወናጭፈው ሕፃን፣ ሁሉም በአንድ ጎዳና ነው የሚያልፈው። ያን ዕለት መኪናውን መንገድ ዳር ያቆመ ሰው ማምሻውን በሩ ላይ አዲስ መስመር ቢያገኝ በዓሉን አይውቀስ። ራቅ አድርጎ አቁሞ በእግሩ መምጣት ይችል ነበር።

መኪናው የተጫረበትን ሰው ከብቦ የሚያጽናናው መንገደኛ ሁልጊዜ የሚለው አንድ ነገር ነው፦ «ተወው፣ ብረት ነው፤ እንኳን ሰው አልተነካ!» እውነት ነው፤ ግን ቶሎ አይባልም። እዚህ አገር መኪና የሚገዛው የስንት ዓመት ዕቁብ፣ የባንክ ብድርና ውጭ ያለ ወንድም የላከው ገንዘብ ተጠራቅሞ ነው። የ2012ቱ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ቀረጥ ሰማይ ሰቀለው፤ በ2016 ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። አሮጌዋ ቪትዝ እንኳ ዋጋዋ ከባለቤቷ ደመወዝ ጋር አይተዋወቅም። ስለዚህ መናደድ ካማረዎ ይናደዱ። ሲወጣልዎ ጭረቱን በጥፍርዎ ይዳስሱት።

የመኪና ቀለም አንድ ንጣፍ ብቻ አይደለም። ላሜራው ላይ መሠረቱን የሚይዘው ፕራይመር አለ፤ በሱ ላይ መልክ የሚሰጠው ቀለም ይመጣል፤ ከሁሉም በላይ ክሊር የሚባለው ብርጭቆ መሳይ ሽፋን ይደረባል። ሁሉም ተደምሮ ውፍረቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ገደማ ነው፤ የወረቀት ያህል። ጥፍርዎ ሳይያዝ አልፎ ከሄደ የተነካው ክሊሩ ብቻ ነውና በፖሊሽ ይለቃል። ከተያዘ ወደ ቀለሙ ወርዶ ሊሆን ይችላል። ብረቱ ወለል ብሎ ከታየ ግን ዝገት ስለሚጀምር ዝናቡ ሳይገባ ማስሸፈን ይሻላል። ፓራውልቱ ላይ ያለውን ተዉት፤ የአብዛኞቹ መኪኖች ፓራውልት ፕላስቲክ ነው፣ አይዝግም።

ወደ ጋራዥ ለመሮጥ የቸኮሉ ካሉ ደግሞ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ያገለገለ መኪና ሊገዛ የመጣ ሰው ምን እንደሚያደርግ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ጣቱን አጥፎ በሩን ኳ ኳ ያደርጋል፤ ድምፁ ከታፈነበት ስቱኮ አለ ብሎ ይጠረጥራል። ማግኔት በጨርቅ ጠቅልሎ የሚመጣም አለ፤ ማግኔቱ ካልያዘ ነገሩ አበቃ። ቀጥሎ ኮፈኑን ያስከፍትና የፓራፋንጎው ብሎኖች በቁልፍ ተነክተው እንደሆነ አጎንብሶ ያያል። ደላላው «ከነቀለሟ ናት!» ብሎ ሲምል ዋጋ ይወጣል። አዲስ የተቀባ፣ የሚያብረቀርቅ በር ግን «ምን ሆና ነው?» ያስብላል። አንዲትን ቀጭን መስመር ለማጥፋት በሩን በሙሉ ያስቀባ ሰው በገዛ ገንዘቡ ጥርጣሬ ገዛ ማለት ነው። እኔ በበኩሌ ከነቀለሟ ያለች ጭረታም መኪና እመርጣለሁ።

ባጃጁንም ብቻ አንክሰስ። የሐዋሳን መኪና በየቀኑ የሚጭረው አቧራው ነው። ከተማዋ የተቆረቆረችው ጥንታዊ የእሳተ ገሞራ ካልዴራ ውስጥ ነው፤ በአካባቢው አፈር ውስጥ ለብሎኬት የሚውለው ፑሚስ ሞልቷል። ፑሚስ ደግሞ ከሞላ ጎደል የእሳተ ገሞራ ብርጭቆ ነው። አቧራ የለበሰውን መኪናዎን በደረቅ ጨርቅ የሚወለውልልዎ ልጅ፣ በቅን ልቡና የብርጭቆ ዱቄት እያሸበት ነው። ለፀሐይ ዘወር ሲያደርጉት የሸረሪት ድር የመሰለው ምልክት ሁሉ ከዚያ የመጣ ነው። መጀመሪያ ውኃ ይፍሰስበት፣ ጨርቁ ከዚያ ይምጣ።

አባ ኮዳ የሚባለው ወፍም አለላችሁ። አሞራ ገደል ዓሣ ሊበሉ ሄደው መኪናዎን ዛፍ ሥር ካቆሙ፣ እሱ ከላይ ሆኖ ሒሳቡን ይልክልዎታል። የወፍ ኩስ ዩሪክ አሲድ አለው፤ ፀሐይ ያሞቀው ክሊር ላይ ደርቆ ከዋለ የሚተወው ጠባሳ በቀላሉ አይጠፋም። በጥፍር አይፋቅም፤ እርጥብ ጨርቅ ይደረግበትና ሲርስ ይነሣል። የሚገርመው፣ አባ ኮዳ ከባጃጁ የማያንስ ጉዳት ሲያደርስ ማንም ሰው በእሱ ቂም ይዞ አያድርም። ቀና ብሎ አይቶ፣ ስቆ ወይም ተሳድቦ ይሄዳል። ተመሳሳይ ጉዳት በባጃጅ ሲደርስ ግን እራት አይበላም፤ ሚስቱ ላይ ይጮኻል፤ በማግስቱ ለሥራ ባልደረቦቹ ያንኑ ታሪክ ከመጀመሪያው ይተርካል።

ስለዚህ የሚያንገበግበን ቀለሙ አይመስለኝም። የሚያበግነን አንድ ሰው አድርጎት፣ አይቶት፣ ዝም ብሎ መሄዱ ነው።

ስለ ጥቃቅን ብስጭት የተጻፈ አንድ የታወቀ ጥናት አለ። አለን ካነርና ሪቻርድ ላዛረስ ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካ ውስጥ ያወጡት ነው። 100 ጎልማሶችን ለወራት ተከታትለው፣ ከታላላቅ የሕይወት ክስተቶች ይልቅ የየዕለቱ ትንንሽ ንዝንዝ ከሥነ ልቡና ጭንቀት ምልክቶች ጋር ይበልጥ ተያይዞ አገኙት። የእኛ ሰው ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይላል። ንዝንዙማ መች ይጠፋል? ባጃጁ ዝርዝር የለውም። ባንኩ ሲስተም የለውም። እንጀራው ምጣድ ላይ እያለ መብራት ይሄዳል። ጎረቤት ስፒከሩን መስኮት ላይ ሰቅሎ ሠርግ ይለማመዳል። ከእነዚህ ግማሾቹ የአባ ኮዳ ዓይነት ናቸው፤ ፊት ለፊት ቆሞ ይቅርታ የሚልዎት ሰው የለባቸውም፤ ተሳድበው ይለፏቸው። የቀሩት ግን ከጀርባቸው ሰው አለ። ደብዳቤዬም ስለ እነሱ ነው።

በቅርቡ እዚያው ጉዱማሌ አጠገብ አንድ ባጃጅ ጠርዝ ይዞ ሊያልፍ ሲል የቆመች ነጭ መኪና ስፖኪዮ መትቶ በሯን ታከካት። ሹፌሩ አልሸሸም። ወርዶ ባለቤቱ ከሻይ ቤቱ እስኪወጣ ጠበቀና «ጋሼ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። የዛሬን ገቢ ገና አልሞላሁም፤ ግን ስልኬን ይያዙ» አለ። ሰውየው ለስድብ የከፈተው አፉ እንደተከፈተ ቀረ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ጣቱን በምራቁ አርሶ መስመሩን ፈተገው። ከመስመሩ አብዛኛው የባጃጁ ቀለም ነበር፤ ለቀቀ። የቀረው የክብሪት እንጨት የምታህል ነበረች። ስፖኪዮውን ወደ ቦታው መለሰውና «ሂድ ልጄ፣ በቀስታ ንዳ» አለው። ሁለቱም ቁጥር ሳይለዋወጡ ተለያዩ። ያው ሹፌር ሸሽቶ ቢሆን ኖሮ ሰውየው ያቺን የክብሪት እንጨት የምታህል ጭረት ዓመት ሙሉ ያያት ነበር።

ሕጉ እንኳ ለግትርነት ብዙ አያደላም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2084 ሁለት ባለ ሞተር ተሽከርካሪዎች ሲጋጩ ለአደጋው እኩል ምክንያት እንደሆኑ ይገምትና ጠቅላላ ኪሳራውን ግማሽ ግማሽ ያሸክማቸዋል። ይህ የሚቀረው አደጋው በሙሉ ወይም በአብዛኛው የአንደኛው ሹፌር ጥፋት መሆኑ ሲረጋገጥ ነው። «እሱ ነው!» «የለም፣ እሱ ነው!» እየተባባሉ መንገድ የሚዘጉት ሰዎች፣ ማስረጃ ካላመጡ መጨረሻቸው ግማሽ ግማሽ መሆኑን ቢያውቁ ጩኸታቸው ይቀንስ ነበር።

የሲዳማ አባቶች መንገድ ከዚህ ይለያል። ሶንጎ ላይ ሽማግሌዎች ሲቀመጡ ሁሉም ተራውን ጠብቆ ይናገራል፣ ሌላው ያዳምጣል፤ አፊኒ ተብሎ የተባለው መሰማቱ ይጠየቃል። ካሣው የሚመጣው ነገሩ ከተደመጠ በኋላ ነው። ከአጥፊው ደግሞ ሐላሌ ይጠበቃል፤ እውነቱን አውጥቶ መናገር። ፊቼ ሲቃረብም የተጣላ ይታረቃል፤ ቂም ይዞ ወደ አዲሱ ዓመት መሻገር ነውር ነው። ዩኔስኮ በዓሉን ኅዳር 2008 በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሲያሰፍር፣ የጎሳ መሪዎች በበዓሉ ከሚመክሩት መካከል ከስንፍና፣ ከስርቆት፣ አገር በቀል ዛፍ ከመቁረጥና ከሐሰት ምስክርነት መራቅን ጠቅሷል። የሰው መኪና ጭሮ፣ ግራ ቀኝ ተመልክቶ፣ ማንም እንዳላየ አረጋግጦ መሄድ ከሐሰት ምስክርነት ምን ያህል ይርቃል? እኔ ብዙ አይርቅም ባይ ነኝ።

እንግዲህ ልመናዬ ይኸው። ጫሪው እርስዎ ከሆኑ ባለቤቱን ትንሽ ይጠብቁት። ካልመጣ ስምዎንና ስልክዎን ጽፈው የዝናብ መጥረጊያው ሥር ያስገቡለት። «ምን ያህል ያስከፍለኝ ይሆን?» የሚለው ፍርሃት ይገባኛል፤ ነገር ግን ጽፎ የሄደን ሰው ደፍሮ የሚያስጨንቅ ባለ መኪና ጥቂት ነው።

የተጫረብዎት እርስዎ ከሆኑ ደግሞ፣ ያ ስልክ በእጅዎ ሲገባ የበሩን ሁሉ ቀለም፣ ያለፈውን ዓመት ጭረትና የቸርኬውን እጥፋት አንድ ላይ ደምረው አያስከፍሉ። መጀመሪያ ስለ መጻፉ ያመስግኑት። ቀጥሎ በጥፍርዎ ዳስሰው የሚለቅ ከሆነ የፖሊሹን ይቀበሉ፤ የሚተውም ከሆነ ይተዉት። ያን ሰው ያን ዕለት ካሳፈሩት ሁለተኛ አይጽፍም።

እስክሪብቶ አልያዝኩም ማለት ደግሞ ምክንያት አይሆንም። ሱቅ በደረቴ ያነገቱት ልጆች ይሸጣሉ።