ጣሪያ ላይ የተኛ ውኃ

ክረምት ሲገባ ብዙዎቻችን በየክፍሉ ምን እንደምንደረድር እናውቃለን፤ ሳፋ፣ ባልዲ፣ አሮጌ ብረት ድስት። ቤቱ የቆርቆሮ ከሆነ ቀዳዳውን ፈልጎ መድፈን ያን ያህል አያስቸግርም። ቤቱ በሶሌታ የተከደነ ሲሆን ግን ነገሩ ሌላ ነው። የዛሬው ጽሑፋችንም ስለዚሁ ይሆናል።

እንደሚታወቀው በወልቂጤና በቡታጅራ ጣሪያቸው ጠፍጣፋ የሆነ የአርማታ ቤቶች በርክተዋል። አዲስ አበባ ሠርቶ የሚያድር የጉራጌ ልጅ ጥቂት ገንዘብ ሲይዝ ለወላጆቹ ቤት መሥራትን አይረሳም። ብዙ ጊዜም «ወደፊት ፎቅ እንጨምርበታለን» በማለት ሶሌታውን አስሞልቶ፣ የፌሮውን ጫፍ ለነገ አቁሞ ይመለሳል። አሳቡ መልካም ነው። ችግሩ ያ ሶሌታ የተሞላው የፎቅ ወለል እንዲሆን ታስቦ መሆኑ ላይ ነው። ወለል ደግሞ ልክ እንደ ጠረጴዛ የተስተካከለ ነው። ፎቁ እስኪመጣ አምስትም አሥርም ዓመት ሊያልፍ ይችላል፤ እስከዚያው ድረስ ዝናቡን የሚቀበለው ያ ወለል ነው። የጥንቱ የጉራጌ ሳር ቤት ክዳኑ ከምሰሶው ጫፍ ቁልቁል የሚወርደው ውኃ እንዳይቆምበት ነበር።

ወልቂጤ የሚኖሩት አክስቴ ቤት የደረሰውም ይኸው ነው። አንድ ዓመት ለመስቀል ስንሰበሰብ የመኝታ ቤቱ ጣሪያ ከውስጥ በኩል ጠቁሮ፣ የግድግዳው ቀለም እየተላጠ አገኘነው። አልጋው ሦስት ጊዜ ቦታ ለውጧል። ሁለት ክረምት በተከታታይ ሬንጅ ተቀብቷል፤ ለዚህም የወጣው ገንዘብ አክስቴ ለመስቀል ዕቁብ ያጠራቀሙት ነበር። በሦስተኛው ዓመት የተጠሩት ሽማግሌ ግንበኛ ሬንጅ አምጡ አላሉም። ውኃ የሞላ ቀጭን ቱቦ ይዘው ወጡና ከጫፍ እስከ ጫፍ ለኩ። ሲወርዱም «እትዬ፣ ጥፋቱ የሬንጁ አይደለም። የውኃው መውጫ ከወለሉ በሁለት ጣት ከፍ ብሏል። ውኃው በየት ይውጣ?» አሉ።

እናንተም ቤት ነገሩ እንዲህ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ገንዘባችሁን ለሬንጅ ከማውጣታችሁ በፊት ውኃው መሄጃ እንዳለው አረጋግጡ። ዝናብ ካባራ ከሁለት ቀን በኋላም ሳይደርቅ የሚቆይ ውኃ ካለ ጣሪያው ጉድለት አለበት ማለት ነው።

የተኛ ውኃ ጉዳቱ ሦስት ነው። አንደኛ፣ በስንጥቅ ሠርጎ ገብቶ ፌሮውን ያዝገዋል፤ የዛገ ብረት ስለሚያብጥ አርማታውን ከውስጥ ይሰነጥቀዋል። ሁለተኛው ክብደቱ ነው። 80 ካሬ ሜትር ስፋት ባለው ጣሪያ ላይ 5 ሳንቲሜትር ከፍታ ያለው ውኃ ቢተኛ 4,000 ሊትር፣ ማለትም 200 ጀሪካን ይሆናል። ይህም ከራሳችሁ በላይ 40 ኩንታል አስቀምጦ እንደ መተኛት ነው።

ሦስተኛው የወባ ትንኝ ነው። ትንኟ ከእንቁላል ተነሥታ ክንፍ እስክታወጣ በሞቃት ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይበቃታል። ሁለቱ ከተሞች በ2,000 ሜትር ከፍታ አካባቢ የሚገኙ ስለሆኑ «ወባ የቆላ በሽታ ነው» የሚሉ አይጠፉም። ነገር ግን በቡታጅራ አካባቢ የተደረጉ ጥናቶች ወባ ከ2,000 ሜትር በላይም እንደሚገኝ አሳይተዋል። ከዚህም ሌላ በ2009 ዓ.ም. በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ በሶማሌ ክልል፣ በቀብሪ ደሃር የተገኘችው አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለች ትንኝ በከተማ፣ በበርሜልና በውኃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ትራባለች። በ2014 ዓ.ም. በድሬዳዋ በተነሣው የወባ ወረርሽኝም እጇ እንዳለበት ታውቋል። እርግጥ ነው፣ ወባ ሁሉ ከጣሪያ ይመጣል ማለታችን አይደለም፤ ረግረጉና ጉድጓዱም አለ። ቢሆንም ክረምቱ ወጥቶ ወባ በሚበረታበት በመስከረምና በጥቅምት፣ ልጆቻችን ከሚተኙበት በላይ ለትንኝ መፈልፈያ ልናዘጋጅላት አይገባም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ምርመራው በክረምት፣ ጥገናው በበጋ ነው።

መጀመሪያ መውጫውን አጽዱ። የባሕር ዛፍ ቅጠል፣ ፌስታል፣ ከግንባታ የተረፈ አሸዋ አፉን ይደፍነዋል። ከጸዳ በኋላ የሽቦ ወንፊት ይደረግበት። ብዙ ቤት ችግሩ በዚህ ብቻ ያበቃል።

ይህ ካልበቃ፣ ዝናብ ባባራ በሁለተኛው ቀን ውኃው የተኛበትን ዙሪያ በከሰል አስምራችሁ ጥልቀቱን በማስመሪያ ለኩ። በበጋ ግንበኛ ስትጠሩ ምልክቱን አሳዩት። ተከራይ ከሆናችሁም አከራዩ ወጥቶ እንዲያየው አድርጉ፤ በቃል ከመናገር በዓይን ማሳየት ይሻላል።

መውጫው ከወለሉ ከፍ ያለ ከሆነ ዝቅ ይደረግ፤ ወይም ውኃው በሚተኛበት ዝቅተኛ ቦታ ሌላ መውጫ ይከፈት። ሶሌታውን መብሳት ካስፈለገ ግን ፌሮው እንዳይቆረጥ ባለሙያ ይየው።

ጣሪያው ጭራሽ ተዳፋት ከሌለው በላዩ የሲሚንቶ ሊሾ ይደረግና ወደ መውጫው እንዲያዘነብል ይስተካከላል። ለያንዳንዱ ሜትር ከ1 እስከ 2 ሳንቲሜትር ዝቅታ ይበቃል፤ መውጫው 4 ሜትር ቢርቅ ከ4 እስከ 8 ሳንቲሜትር ማለት ነው። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያሻል። በአማካይ 5 ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው ሊሾ በ80 ካሬ ሜትር ላይ ሲነጠፍ 80 ኩንታል ገደማ ይመዝናል። የውኃውን ሸክም አነሣለሁ ሲሉ እጥፉን መጫን እንዳይሆን፣ ሶሌታው ይችል እንደሆነ መሐንዲስ ጠይቁ። አልችልም የሚል ሶሌታ ከሆነ ቀለል ባለ የእንጨት ማገር ላይ ቆርቆሮ አልብሶ አሸንዳ ማድረግ ይሻላል።

ሬንጅ ወይም ሌላ የውኃ መከላከያ የሚቀባው ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ ጣሪያው ጸድቶ በደንብ ሲደርቅ ነው። ሲያበቃም መውጫውን ለጊዜው ደፍኖ ጥቂት ውኃ በማፍሰስ አንድ ቀን ማየት፣ ከዚያም ከፍቶ በሙሉ መውረዱን ማረጋገጥ ነው። የሚወርደው ውኃም በቤቱ መሠረት ሥር ወይም በጎረቤት ግቢ እንዳይፈስ በቱቦ ወደ ቦይ ይመራ። የጎረቤት ቅሬታ ከሚያፈስ ጣሪያ የከፋ ነው።

በመጨረሻም፣ ወደ ጣሪያ የሚወጣ ሰው በደረቅ ቀን፣ መሰላል የሚይዝለት ሰው አቁሞ ይውጣ፤ በአጠገቡ የሚያልፍ የመብራት ሽቦ እንዳለም አስቀድሞ ይይ። ልጆች አይከተሉ። እዚያ የተጣለ አሮጌ ጎማና ክፍት በርሜል ይውረድ፤ ሮቶውም ክዳኑ ይገጠም።

«ይህ የወንድ ጉዳይ ነው» የምትል እኅት ትኖር ይሆናል። ሌሊት ተነሥታ ባልዲውን የምትደፋው፣ ያተኮሰውን ሕፃን አዝላ ጤና ጣቢያ የምትሄደው ማን እንደሆነች ግን ታውቀዋለች። አዲስ ቤት ለማሠራት የምታስቡም ገና ከመጀመሩ «ውኃው በየት በኩል ይወርዳል?» ብላችሁ ግንበኛውን ጠይቁት። ፎቁ የሚመጣው ከዓመታት በኋላ ከሆነ እስከዚያ ጣሪያው በምን እንደሚሸፈን ከልጆቻችሁ ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

አክስቴ ቤት መውጫው ዝቅ ተደርጎ፣ ሊሾው ተስተካክሎ አንድ ክረምት አልፏል። አልጋው ወደ ቀድሞ ቦታው ተመልሷል። የዘንድሮው የመስቀል ዕቁብም ለመስቀል ውሏል።

ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ዛሬውኑ ቀና ብላችሁ ጣሪያችሁን ተመልከቱ።