ሌሊቱ ዝም ሲል

ባለፈው መስከረም ከሚሴ አክስቴ ቤት ሁለት ሌሊት አደርኩ። ከተማዋን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው አስፋልት መሃል ለመሃል ሰንጥቋት ያልፋል። ቀን ባጃጁ፣ አይሱዙው፣ የገበያው ግርግር፣ በዚያ ላይ የቆላው ሙቀት አለ። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ግድም ግን የመጨረሻው ከባድ መኪና አልፎ ሲርቅ ከጨፋ ሜዳ በኩል ከሚመጣው የእንቁራሪት ድምፅ በቀር ምንም አይሰማም።

ውኃ ልጠጣ ስነሳ አክስቴ ግቢው ውስጥ በርጩማ ላይ ቁጭ ብላ አገኘኋት።

«ምነው አክስቴ፣ እንቅልፍ እምቢ አለሽ?»

«ዝም ሲል አይወስደኝም፣ ልጄ። ተኩስ ሲሰማ የት እንዳለ ታውቃለህ፤ ዝም ሲል ግን የት እንደደረሰ አታውቅም።»

በ2013 በአካባቢው የነበረውን ግጭት፣ በ2014 ጥቅምት ደግሞ ጦርነቱ ራሱ ከሚሴ ሲገባ ያየች ሴት ናት። እኔ በቦርሳዬ ውስጥ «የጸጥታ በረከት» የሚል የስብከት ማስታወሻ ይዤ ነበር። አላወጣሁትም።

ወገኖቼ፣ 1ኛ ነገሥት 19ን አሳምረን እንሰብከዋለን። ነፋሱ፣ የምድር መናወጡ፣ እሳቱ፣ በመጨረሻም ያ ለስላሳ ድምፅ። ኤልያስ ግን ለጽሞና ጊዜ ወደ ተራራ የወጣ ሰው አልነበረም። ከኤልዛቤል የሸሸ፣ ሞቱን የለመነ፣ ዋሻ ውስጥ ያደረ ሰው ነው። ጌታ በዚያ ጸጥታ የመጣው ለፈራ ሰው ነው። የመጣውም በጥያቄ ነው፤ እዚህ ምን ታደርጋለህ ብሎ ሁለት ጊዜ ጠየቀው። ኤልያስም ሁለቱንም ጊዜ ያንኑ ብሶት መለሰ፤ እኔ ብቻዬን ቀርቻለሁ አለ። ጌታ የሥራ ትእዛዝ ሰጠው፤ 7,000 ሰዎች እንዳሉትም ነገረው። አብዛኛው ነዋሪ ሙስሊም በሆነበት የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን የሚኖሩ ጥቂት የወንጌል አማኞች «ብቻዬን ቀርቻለሁ» የሚለውን ቃል ያውቁታል።

እንግዲህ ቅር የሚለኝን ልናገር። የአዳር ጸሎታችንን አልቃወምም፤ ጳውሎስና ሲላስም በእኩለ ሌሊት እስረኛው እስኪሰማ ዘምረዋል። ነገር ግን ከምሽቱ 3 ሰዓት ጀምረን እስከ ንጋት 11 ሰዓት አምስት ደቂቃ እንኳ ዝም የማንለው ለምንድን ነው? ኪቦርዱ ትንሽ ካረፈ መሪው ደንግጦ ማይኩን ያነሳል፤ ሞንታርቦው ሲጠፋ የእግዚአብሔር ህልውና አብሮ የሚሄድ ይመስል። (የተኛ ጎረቤት እንዳለን አለማሰባችን ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው።) እኔም መሪ ሆኜ ይህን አድርጌአለሁ። ጉዳቱ የሚታየው ቤት ከገባን በኋላ ነው። ጌታን በድምፅ ብቻ የለመደ ሰው ቤቱ ጭር ሲል ጌታ አዳራሹ ውስጥ የቀረ ይመስለዋል።

ታዲያ ዝምታው ራሱ እግዚአብሔር ነው እያልኩ አይደለም። በመዝሙር 77 አሳፍ በሌሊት እጁን ዘርግቶ ነፍሱ አልጽናና አለች፤ ጌታን ሲያስብ እንኳ ቃተተ። መጨረሻ ላይ የሚያስታውሰው በባሕር መካከል ያለፈውን፣ ዱካው ግን ያልታወቀውን አምላክ ነው። ስለዚህ ሌሊት ተነስታችሁ ደረታችሁ ካልሞቀ ጌታ የለም አትበሉ። በሚቀጥለው አዳር ግን፣ መሪዎች፣ አሥር ደቂቃ ድምፁን ሁሉ አጥፉት። ሰው ይጨነቃል፣ ያስላል፣ ወንበር ይንቋቋል። ይሁን።

ያን ሌሊት ከአክስቴ አጠገብ ተቀመጥኩ።

«ታዲያ ስትቀመጪ ምን ታደርጊያለሽ?» አልኳት።

«ዱሮ ጆሮዬን ወደ መንገዱ እጥል ነበር። አሁን የልጆቼን ስም ለጌታ እጠራለታለሁ፣ አንድ በአንድ፣ ቀስ ብዬ። አንዳንዴ አጠገቤ ሰው የተቀመጠ ይመስለኛል። ዞር ብዬ አላይም።»

«ፍርሃቱስ?»

«እሱማ አለ።»

ትንሽ ቆይቶ የንጋት አዛን ተሰማ። ነጠላዋን አስተካክላ ከሰል ልታያይዝ ተነሳች።