ለቅሶ መዝገብ አይጠይቅም

የተከበራችሁ የሰፈራችን ነዋሪዎች፣

በዚህ ሰሌዳ ላይ ብዙ ጊዜ የምለጥፈው ስለ መዋጮ፣ ስለ ቅጣትና ስለ ስብሰባ ነው። ዛሬ ግን ሲከነክነኝ የሰነበተ ነገር አለና እሱን ልጻፍላችሁ። እኔ ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጥሁ ሰው ነኝ እንጂ ቄስም ሰባኪም አይደለሁም። ከተሳሳትሁ አርሙኝ።

ባለፈው ጥቅምት ወር ከመንገዱ ጀርባ አንዲት ክፍል ቤት ተከራይታ የምትኖር ሴት እናቷ ሞቱባት። በ2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ከተነሳ ወዲህ ተፈናቅለው የመጡ ናቸው። ሌሊት አንድ ልጅ በሬን አንኳኳና «ድንኳን ስጡን» አለኝ። እኔ ምን አደረግሁ? መብራት አብርቼ መዝገብ ገለጥሁ። ስሟ የለም። «አባል ስላልሆነች አይቻልም» ብዬ መለስሁት። ደንብ አልጣስሁም። ጥሩምባም አልተነፋም።

ጠዋት በዚያ ሳልፍ ለቀስተኛው አምስት ሰው አይሞላም። እንጀራ ሸጣ የምታድረው ጎረቤቷ ንፍሮ ቀቅላለች። አንድ ሙስሊም ጎረቤታችን ከሱቁ ሁለት አግዳሚ አውጥቶ ሰጥቷል። የእኛ ድንኳን ግን መጋዘን ውስጥ ተጠቅልሎ ተኝቷል።

ወገኖቼ፣ ወቅቱ ጽጌ ነበር። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 የምንጾመው እኮ እመቤታችን ልጇን ይዛ ከሄሮድስ ሸሽታ ወደ ግብፅ መሰደዷን እያሰብን ነው። ሌሊቱን በማኅሌት ቆመን ስደቷን እናስባለን፤ ጠዋት ደግሞ የተሰደደችውን ሴት «አባል ነሽ ወይ?» እንላለን። በዚያን ጊዜ እመቤታችን ደጃፋችን ብትደርስ ኖሮ መዝገብ ልንገልጥ ኖሯል?

እናቴ ገጠር ሳለን ማታ ማታ መሶቡን ባዶ አታሳድርም ነበር። «የመሸበት የእግዜር እንግዳ ቢመጣስ?» ትል ነበር። ደጅ ቆሞ «ቤት ለእንግዳ» ላለ ሰው መልሱ «ቤት የእግዚአብሔር ነው» ነበር። አገርህ የት ነው፣ ዘርህ ምንድን ነው የሚባለው፣ ያውም ከተባለ፣ እግሩን ታጥቦ እህል ከቀመሰ በኋላ ነው። እኛ ዛሬ ከጥያቄው ጀመርን።

አንዳንዶቻችሁ «ዛሬ ለአንዷ ከሰጠን ነገ ማን መዋጮ ይከፍላል?» ትላላችሁ። እውነት ነው፣ ያለ መዋጮ እድር የለም፤ እኔም የምከራከረው ስለ ገንዘቡ አይደለም። ለአባል የሚሰጠው ብር ለአባል ይሁን። ድንኳን ግን ስለተተከለ አያልቅም፤ አግዳሚም ሰው ስለተቀመጠበት አያጥርም። ለቅሶ ለመድረስ ደግሞ እግር እንጂ ደረሰኝ አያስፈልግም።

ስለዚህ በሚመጣው ጠቅላላ ስብሰባ ሁለት ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ በሰፈራችን ሰው ሲሞት አባል ቢሆንም ባይሆንም ድንኳን፣ አግዳሚና ብረት ድስት ይሰጠው፤ ጥሩምባም ይነፋለት። ሁለተኛ፣ አዲስ የመጣ ተከራይ የመመዝገቢያውን ገንዘብ ባንዴ መክፈል ቢያቅተው በየወሩ ጥቂት ጥቂት እየከፈለ አባል ይሁን።

በሦስተኛው ቀን ይቅርታ ልጠይቃት ሄጄ ነበር። እንዴት ብዬ እንደምጀምር ጨንቆኝ ደጃፉ ላይ ስቆም «ይግቡ፣ ቤት የእግዚአብሔር ነው» አለችኝ። ቡናም አፈላችልኝ። ያለችው አንድ ዱካ ናት፤ እሷን ለእኔ ሰጥታ ራሷ መሬት ተቀመጠች። እኔ ድንኳን የከለከልኋት ሰውዬ ነኝ! ይቅርታዬን እንደምንም ተናገርሁና አንገቴን ደፍቼ ወጣሁ።

እኛ ክርስቲያኖች ሙታን ይነሣሉ ብለን እናምናለን። ተስፋችንም ይኸው ነው። እንዲህ ያለ ተስፋ ያለው ሰው ሐዘንተኛን ብቻውን ትቶ እንዴት ይተኛል? ተስፋውን በአፍ ከመናገር አብሮ መቀመጥ ይቀድማል። እናቷን ነፍስ ይማር። እሷ ግን በሕይወት አለች፣ ጎረቤታችን ናት፣ ቡና ጥሯት።

በስብሰባው ላይ እንድትገኙ በአክብሮት እለምናለሁ።

የማኅበሩ ጸሐፊ