ፍርሃትን ፎቶ ማንሳት ሟርት አይደለም!

ተማሪዎቼን «ልጅ ሆናችሁ በጣም የፈራችሁትን ነገር በሞባይል ፎቶ አንስታችሁ አምጡ» ስላልኩ «ልጆቹን ሟርት እያስተማርክ ነው» ተብያለሁ። እሺ፣ እንነጋገር።

የኔን ዘመን ልጆች ፍርሃት ያስተማረን ማን ነው? ዝናብ በዘገየ ቁጥር «ስምንተኛው ሺህ ገባ» የሚሉን፣ ኤድስን በአፅም ስለው ግድግዳ ላይ የለጠፉልን አዋቂዎች አይደሉም እንዴ? አንዲት ጎረቤታችን «ያ በሽታ አለባቸው» ሲባል ቡና የጠጡበት ሲኒ ለብቻው ተቀመጠ። እኔም በደጃፋቸው ሳልፍ ትንፋሼን ይዤ እሮጥ ነበር። በሲኒም በትንፋሽም እንደማይተላለፍ የነገረኝ የለም። ሴትዮዋ ብቻቸውን ሞቱ። ሟርት ይሄ ነው!

አሜሪካዊው ፎቶ አንሺ አርተር ትሬስ ልጆችን ስለ ህልምና ቅዠታቸው እየጠየቀ፣ ያንኑ እያስተወነ ፎቶ አነሳቸው። እ.ኤ.አ. በ1972 መጽሐፍ ሆኖ ታተመ። ሌሊት የሚያባንን ነገር ቀን ላይ ቁጭ ብለው የሚያዩት፣ የሚነጋገሩበት ሥራ ሆነ። ዓለም በዚህ አልጠፋችም።

ከተማሪዎቼ አንዷ ያመጣችው በተዘጋ በር ሥር የተቀመጠ የምግብ ሳህን ነው። ሌላ ምንም የለበትም። «በ2012 ኮሮና ሲገባ አያቴን የምገድላት እኔ መስሎኝ ነበር» አለች። (በፈቃዷ ነው የምጽፈው።) እስከዚያ ቀን ለማንም ተናግራው አታውቅም።

«ዝም ካሉት ይረሳል» ለምትሉ፦ እኛ ዝም ብለን አይተነዋል። እኔ ሲኒውን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ፎቶዎቹ ይለጠፋሉ። የኔ የሲኒው ፎቶም አብሮ አለ። መጥታችሁ እዩ፣ ከዚያ ሟርት በሉኝ።