መጀመሪያ ቁመቱን ለኩ
ከዋሽንግተን አካባቢ ተነስታችሁ በኒውዮርክ በኩል እስከ ሜይን በሞተርሆም ለመጓዝ ያሰባችሁ ቤተሰቦች፣ የምታዩትን ቦታ ከመምረጣችሁ በፊት የመኪናውን ቁመትና የጋዝ ሲሊንደሩን መጠን እወቁ። በባልቲሞር ከውኃ በታች የሚያልፉት ሁለት ዋሻዎች ከ10 ፓውንድ በላይ የሚይዝ የፕሮፔን ሲሊንደር የጫነ መኪና አያሳልፉም፤ አማራጭ የነበረው የፍራንሲስ ስኮት ኪ ድልድይም እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 መርከብ ገጭቶት ፈርሷል። ስለዚህ ከተማዋን በምዕራብ በኩል በ695 አውራ ጎዳና መዞር ነው። ኒውዮርክ አጠገብ ደግሞ ፓርክዌይ የሚባሉት መንገዶች ድልድዮቻቸው ዝቅ ያሉ ናቸው፤ ለትንሽ መኪና የተሠራው የስልክ ካርታ ግን ዝም ብሎ ወደዚያ ይመራል፤ አትመኑት። ከአገር ቤት የመጡ እናት አብረው ካሉ፣ የመጀመሪያው ቀን መንዳት ከአራት ሰዓት ባያልፍ እመርጣለሁ፤ ቡናቸው ጊዜም ደልዳላ ቦታም ይፈልጋል።