ብርሃን በሽምደዳ አይገባም!

ማታ ማታ በየቤቱ የሚሰማ ድምፅ አለ። አንድ የአራተኛ ክፍል ተማሪ ደብተሩን ታቅፎ «ላይት ትራቭልስ ኢን ኤ ስትሬት ላይን... ላይት ትራቭልስ ኢን ኤ ስትሬት ላይን...» እያለ ይወዛወዛል። እስቲ «ምን ማለት ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። ግራ ገብቶት ያያችኋል። ፈተናው ላይ ግን ዐሥር ከዐሥር ይደፍናል! እናትም ደስ ይላታል፣ አስጠኚውም የወሩን ሒሳብ ይቀበላል።

ጸባችን ከእንግሊዝኛው ጋር አይደለም። «ብርሃን በቀጥታ መስመር ይጓዛል» ብሎ በአማርኛም የሚሸመድድ ሞልቷል። የሚያናድደን ሌላ ነው። ልጁ የሚሸመድደው ነገር እዚያው ቤት ውስጥ ዓይኑ ሥር እያለ፣ «ቀና በልና እይ» የሚለው ሰው መጥፋቱ!

የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ቤት የምስማር ቀዳዳ አያጣም። እኩለ ቀን ላይ በሩንና መስኮቱን ዝጉና ትንሽ ዕጣን አጭሱ። በቀዳዳዋ የምትገባው ጨረር እንደተወጠረ ክር ቀጥ ብላ ትታያለች። ጭሱ ሲበተን ትጠፋለች። ብርሃኑ ግን አልሄደም፤ ወደ ዓይናችን የሚመልሰው ነገር ነው ያጣው። እንግዲህ ይቺን ያየ ልጅ ምን ይሸመድዳል?

አሁን ደግሞ ወለሉ ላይ ያረፈችውን ብርሃን ተመልከቱ። ቀዳዳዋ ትንሽ እስከሆነች ድረስ፣ ሦስት ማዕዘንም ትሁን የተቀደደች፣ ወለሉ ላይ የምትወድቀው ክብ ናት። ለምን? የቀዳዳዋ ሳይሆን የፀሐይ ምስል ስለሆነች ነዋ! ከጣሪያው እስከ ወለሉ 3 ሜትር ከሆነ ስፋቷ ወደ 3 ሳንቲ ሜትር ይጠጋል። በማስመሪያ ይለካ። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. በላሊበላ አካባቢ ፀሐይ ቀለበት ስትሆን ትዝ ይላችኋል? እንዲህ ባለ ቀን በዛፍ ቅጠል መሀል ሾልከው መሬት ላይ የሚያርፉት ክቦች ሁሉ ማጭድ ማጭድ ይመስላሉ። (ፀሐይዋን ራሷን በራጅ ፊልምም ሆነ ጥላሸት በተቀባ መስታወት ማየት ግን ዓይን ያጠፋል፤ በዚህ ቀልድ የለም።)

ቋንቋችንም ልጁን ትንሽ ያሳስተዋል። «ዓይኔን ጣል አደረግኩበት» እንላለን፤ ዓይን ከኛ ወጥቶ የሚሄድ ይመስል። መቼም እኛ ብቻ አይደለንም፤ እነ ኤውክሊድና በጥሊሞስም ጨረር ከዓይን ይወጣል ብለው ነበር። በ965 እ.ኤ.አ. ገደማ ባስራ የተወለደው ኢብን አል ሃይተም ነው፣ የለም፣ ብርሃኑ ከዕቃው ተነሥቶ ወደ ዓይን ይመጣል ብሎ በሙከራ የተሟገተው። ለልጁ ግን ታሪኩን ከመንገር በፊት ማታ መብራት ሲጠፋ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቶ እጁን ይፈልግ። ከዓይኑ ብርሃን የሚወጣ ቢሆን ኖሮ ያገኘው ነበር።

ከሁሉም ግን እኛ የምንወደው የሳንቲሟን ነው። ሳንቲም ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ አስቀምጡ። (በማስቲካ ብታጣብቋት አትንሸራተትም።) ልጁ የሳህኑ ጠርዝ ሳንቲሟን እስኪጋርድበት ድረስ ወደ ኋላ ይሂድና ይቁም። ከዚያ ውሃ ከመጨመራችሁ በፊት «ምን የሚሆን ይመስልሃል?» ብላችሁ ጠይቁት። አደራ፣ መልሱን እንዳትነግሩት! የፈለገውን ይገምት፣ ይሳሳት። ውሃውን ቀስ እያላችሁ ስትጨምሩ ሳንቲሟ ብቅ ትላለች። ልጁ ካልጮኸ ከምላሳችን ጸጉር! ብርሃኑ ከውሃ ወደ አየር ሲወጣ አቅጣጫውን ይለውጣል፤ ስለዚህ በጠርዙ ላይ አልፎ ዓይኑ ጋ ይደርሳል። መጽሐፉ «የብርሃን ስብረት» የሚለው ይህንኑ ነው።

እና ይሄ የጨዋታ ነገር ብቻ አይምሰላችሁ። በዚሁ ስብረት ምክንያት 4 ሜትር ጥልቀት ያለው ንጹሕ ውሃ ከላይ ቀጥ ብለው ሲያዩት 3 ሜትር ገደማ ይመስላል። ወንዝ ወይም ኩሬ ዳር የቆመ ልጅ «ጥልቅ አይደለም» ብሎ የሚገባው ዓይኑን አምኖ ነው። ስብረትን ለፈተና ሸምድዶ ዐሥር ከዐሥር ያመጣው ልጅም አብሮ ይገባል፤ ደብተሩ ላይ ያለው ነገር እዚህ ውሃ ላይም እንደሚሠራ ማን ነገረው? ለሱ የትምህርት ቤቱ ዓለም ሌላ፣ የሰፈሩ ዓለም ሌላ ነው።

«እኔ ሳይንስ አልተማርኩም» የሚሉ ወላጆች ይኖራሉ። እሺ፣ እኛስ? አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስን ታላቅ ወንድሞችና እህቶች እቤት ተጎልተን ስልክ ስንነካካ እንውላለን። ልጅ መጥቶ «ጥላዬ ጠዋት ለምን ይረዝማል?» ሲለን «ሂድ አርፈህ አጥና!» ብለን እናባርረዋለን። ጎበዝ፣ የጠየቀው እኮ ጥናቱን ነው! የስልካችንን ባትሪ አብርተን ብርጭቆ አጠገብ መጀመሪያ ዝቅ፣ ከዚያ ከፍ ብናደርግለት ጥላው ሲረዝምና ሲያጥር ራሱ ያየዋል። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

የሾርባ ማንኪያም አለ፤ በጎድጓዳው በኩል ፊቱ ይገለበጥበታል፣ በጀርባው በኩል ደግሞ ቀጥ ብሎ ትንሽ ይሆናል። እሱን ግን እራት ላይ ባትጀምሩት ይሻላል፤ ሾርባው ይቀዘቅዛል።