ኒካህ ከመታሰሩ በፊት አንድ ጥያቄ ይጨመር



ድሬዳዋ ላይ ኒካህ ለማሰር የሚመጡ ሰዎች ምን እንደሚጠየቁ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ወሊዋ ማነው? ምስክሮቹስ? መህሩ ስንት ነው? ብዙ ቦታ የኤች አይ ቪ ምርመራ ወረቀትም ይጠየቃል። እኛ ደግሞ እዚሁ ላይ አንድ ጥያቄ ይጨመር እንላለን፦ ሙሽራዋ ፎሊክ አሲድ ጀምራለች ወይ?

«ገና ኒካህ ሳይታሰር የእርግዝና ክኒን?» ብሎ የሚስቅ ወንድም አይጠፋም። አዎ፣ ገና ሳይታሰር። ምክንያቱን ተረጋግተን እንየው።

የልጅ አእምሮና ህብለ ሰረሰር የሚወጣበት ቱቦ ከጽንስ በኋላ በ28 ቀን ገደማ ተዘግቶ ያልቃል። በዚያን ጊዜ የእህታችን የወር አበባ ከቀረ ገና ሁለት ሳምንት ቢሆነው ነው። ብዙዋ ሴት «ሙቀቱ ነው ያደከመኝ» ትላለች እንጂ ማርገዟን አታውቅም። (የድሬን ሙቀት የሚያውቅ አይፈርድባትም።) ቱቦው ከላይ ሳይዘጋ ከቀረ አእምሮና የራስ ቅል አይሟላም፤ ያ ልጅ በሕይወት አይቆይም። ከታች ከሆነ ስፓይና ባይፊዳ ይባላል፤ ልጁ ጀርባው ላይ ክፍተት ይዞ ይወለዳል። እግሩ ላይታዘዝለት፣ ሽንቱን መቆጣጠር ሊያቅተው፣ ጭንቅላቱ ውሃ ሊቋጥር ይችላል። በአገራችን ይህ ብርቅ አይደለም። ትግራይ ውስጥ በሆስፒታሎች ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት ችግሩን ከ10,000 ወሊድ በ131ዱ ላይ አግኝቶታል።

ጤና ጣቢያ ለነፍሰ ጡር የሚሰጠው የአይረንና የፎሊክ አሲድ ክኒን ጥሩ ነው፤ ደም ማነስን ይከላከልላታል። ግን አብዛኛዋ እናት ክትትል የምትጀምረው ከሦስት ወር በኋላ ነው። ቱቦው ያኔ ከተዘጋ ቆይቷል። ስለዚህ ምክሩ መድረስ ያለበት ገና ላላረገዘችው ነው። እሷ ደግሞ ጤና ጣቢያ አትሄድም፣ አልታመመችማ! ወደ መስጂድ ግን ወሊዋም እጮኛዋም ይመጣሉ።

የሚበቃው በቀን 400 ማይክሮግራም ነው፤ ቢያንስ ከእርግዝናው አንድ ወር ቀድሞ ተጀምሮ እስከ 12ኛው ሳምንት። ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ልጅ የወለደች፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒት የምትወስድ ወይም ስኳር ያለባት እህት ከፍ ያለ መጠን ሊያስፈልጋት ስለሚችል ሐኪም ይወስንላት። እ.ኤ.አ. በ1991 የታተመ ትልቅ የእንግሊዞች ጥናት፣ እንዲህ ያለ ልጅ በነበራቸው እናቶች ላይ ፎሊክ አሲድ የችግሩን መደገም በ72 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። ምስርና ጎመንም ፎሌት አላቸው፣ ይበሉ፤ ብቻቸውን ግን አይበቁም።

ባል ቤት ውስጥ ክኒን ሲያገኝ የወሊድ መከላከያ ሊመስለው ይችላል። ፎሊክ አሲድ ቫይታሚን ነው፣ እርግዝና አይከለክልም። ለዚህም ነው ሙሽራው ራሱ ገዝቶ ይምጣ የምንለው። ለዲኮርና ለቪዲዮ የሚወጣውን ገንዘብ ላየ ሰው የክኒኑ ዋጋ ወሬም አይደለም።

«ልጅ የአላህ ስጦታ ነው፣ ክኒን ምን ያደርጋል?» የምትል ወንድም፣ ግመሉን ሳያስር ስለሚወከል ሰው ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ያስተማሩትን ታውቀዋለህ። ደግሞ ክኒኑ ሁሉንም አያስቀርም። በአግባቡ ወስዳም ልጇ ችግር ይዞ ሊወለድ ይችላል። ያኔ እናቲቱን «ምን አድርጋ ነው?» ማለት በደል ነው።

ኢማሙ ሙሽራዋን መጠየቅ ከከበደው ለወሊዋና ለሙሽራው ይንገር። የሴቶች ደርስ የሚያስቀሩ ኡስታዛዎች ደግሞ ከእኛ የተሻለ ይናገሩታል፤ ከጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ በወር አንዴ ብትመጣላቸው ደግሞ የበለጠ ነው። ጡት እያጠባች ሳታስበው የምታረግዘዋን እናት የሚያገኟት እነሱ ናቸው፤ እሷ ኒካህ ላይ የለችም።

ሳቢያንም ሁኑ መጋላ፣ በዚህ ወር ኒካህ ያላችሁ አንድ ወር አልቀረንም ብላችሁ አትተዉት። ዛሬውኑ ፋርማሲ ግቡ።